ጳጉሜን የማያውቅ ጎተራ

ሰኞ፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የኖላዊት ስልክ ጮኸ። የደወለችው ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ልክነሽ ነበረች። ልክነሽ በሌላ ቀን ብትደውል ሰላምታዋ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እናትሽስ፣ ወንድምሽስ፣ ያ የታመመው ጎረቤትሽስ ሳትል ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ዛሬ ግን ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«ኖላዬ፣ ማሽናችሁን ምን ነካው? አምስት ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦብኛል። ወረቀታቸው ጳጉሜ ሦስት ይላል፤ ማሽኑ ግን ዛሬ አልቀጠርኳቸውም ብሎ ድርቅ አለ።»

«ስማቸውን ፈለግሽ?»

«ፈለግኩ እንጂ! ስማቸው አለ። ቀጠሯቸውን መስከረም ሦስት አድርጎታል። የነገውን አየሁት፣ ባዶ። የነገ ወዲያውም ባዶ። ኧረ ለመሆኑ ጳጉሜን ማን በላት?»

ኖላዊት ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ በደስታ ስታበራ የሰነበተችው ልጅ ባንድ ጊዜ ፊቷ አመድ መሰለ።

የደስታዋ ምክንያት ጎተራው ነበር። ቢሯቸው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው፤ ለሃያ ስድስት ጤና ጣቢያዎች የካርድ፣ የቀጠሮና የመድኃኒት ፕሮግራም ይሠራሉ። ፕሮግራሞቹ ሰባት ናቸው። ሰባቱም ቀን ለመቁጠር፣ ስም ለመፈለግ፣ ወረቀት ለማተም ከአንድ የጋራ ፋይል ይበደራሉ። በሙያው ቋንቋ ስታንዳርድ ላይብረሪ ይባላል። የቢሮው ሰው ግን «ጎተራው» ነው የሚለው፤ ያልገባበት ነገር የለምና።

ጎተራውን የሠሩት አቶ ተክለሃይማኖት ናቸው። የዛሬ አርባ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሊያስተምሩ መጥተው፣ ሁለት ዓመት ብዬ ነው እያሉ እዚሁ አርባ ምንጭ የቀሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት በሃምሳ ዓመታቸው ነው፤ በሃምሳ ዓመት የተማረ ሰው ደግሞ የያዘውን አይለቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ነገር ባስፈለገ ቁጥር ከጎተራው ግርጌ ይጨምሩበታል። ከላይ ያለውን ግን አይነኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ፋይሉ አሥራ አራት ሺህ መስመር ሆነ። የት ምን እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ማወቃቸውን ትንሽ ይወዱታል።

ችግሩ ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ጎተራው ውስጥ አንዲት ፊደል ስትታረም አሥራ አራቱም ሺህ መስመር እንደ አዲስ መላክ አለበት። ቦንኬን በመሰለ ቦታ ኔትወርኩ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። እርማቱ ያልደረሰው ጤና ጣቢያ ደግሞ በአሮጌው ስሕተት ሲሠራ ይከርማል። ስለዚህ ኖላዊት ክረምቱን ሙሉ ጎተራውን ስትከፍል ከረመች። ቀን ለብቻው፣ ስም ለብቻው፣ ሕትመት ለብቻው፣ መድኃኒት ለብቻው እያለች ዘጠኝ ቦታ አደረገችው። የተነካው ክፍል ብቻ ይላካል፤ ሌላው በቦታው ይቀመጣል።

ሐሙስ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን ጨረስኩ ብላ ለአቶ ተክለሃይማኖት ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጳጉሜ ይለፍና ትልኪዋለሽ» አሏት።

«ለምን ጋሼ?»

«ይለፍና። አዲስ ዓመት ይጥባ።»

«ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝ።»

«ትልቅ ሰው ይለፍ ካለ ይለፍ ነው» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ይህን «ይለፍና» ኖላዊት ጠግባዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፋሲካ ይለፍና፣ ክረምቱ ይለፍና፣ ቆጠራው ይለፍና ሲሏት ኖረዋል። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ፣ እሳቸው ኮታቸውን ደርበው ሲወጡ ጠብቃ ላከችው። ቦንኬ ሳይቀር በአራት ደቂቃ ገባ። ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ዘለለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናቷ ስንት ጊዜ ነግራታለች፤ ግን የእናት ተረት መቼ ሰሚ አለው።

አሁን ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ማሽኑን ጠየቀችው። ነሐሴ ሠላሳ ላይ ሦስት ቀን ጨምር።

መስከረም 3፣ አላት።

በጣቷ ቆጠረች። ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ ጳጉሜ ሦስት። ዛሬ። እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገና መስከረም 3 አላት። ዓርብ ጳጉሜ አልገባም፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ማንም አላየውም።

ያኔ ሐምሌ ላይ ያደረገችው ነገር ትዝ አላትና ጆሮዋ ጋለ። አሮጌው ጎተራ ውስጥ «ቀን ጨምር» የሚባል ትእዛዝ ሁለት ቦታ አግኝታ ነበር፤ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን አሥር ሺህ መስመር ወርዶ። ስማቸው አንድ ነው፤ ከላያቸው የተጻፈው ማስታወሻም አንድ ነው። ለማረጋገጥ ብላ በጥርም በሚያዝያም ሞከረቻቸው፤ መልሳቸውም አንድ ሆነ። «ጋሼ ረስተው ደግመው ጽፈውት ነው» አለችና የላይኛውን አስቀርታ የታችኛውን አጠፋችው። በጳጉሜ አልሞከረችም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም።

ከኋላዋ የወንበር ድምፅ ሰማች። አቶ ተክለሃይማኖት ተነሥተው መጥተው ከትከሻዋ ጀርባ ቆመው ነበር። መስከረም 3 የሚለውን አዩ። አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ላክሽው?»

«ላክሁት። ሐሙስ።»

«የታችኛውን አጥፍተሻል።»

«አንድ መስሎኝ ነው! ምንድን ነው የላይኛው ጋሼ? ጳጉሜን የማያውቅ ቀን ማን ይጽፋል?»

«እኔ። የመጀመሪያ ሥራዬ የመሥሪያ ቤት ደመወዝ ነበር። መንግሥት ለጳጉሜ ደመወዝ ይከፍላል? አይከፍልም። ስለዚህ ጳጉሜን እንዲዘል አድርጌ ጻፍኩት። ኋላ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ትክክለኛውን ቀን በችኮላ ከታች ጨመርኩ። ስሙን ሳልለውጥ። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስም ሲኖር ማሽኑ የኋለኛውን ይይዛል፤ የፊተኛው እንደ ሞተ ነው። ደመወዙ ወደ ሌላ ሥርዓት ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ያንን ሬሳ መቅበር ነበረብኝ።»

«ለምን አልቀበሩትም? እሺ እሱስ ይሁን፣ ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ ተክለሃይማኖት እጃቸውን አዩ። «አፈርኩ» አሉ። «አርባ ዓመት ልጆችን ሥራችሁን አጥርታችሁ ሥሩ ስል ኖሬ።»

ኖላዊት ብትጮህባቸው በወደደች። ግን ለጩኸት ጊዜ የለም። ያጠፋችውን ከአሮጌው ፋይል አውጥታ መለሰችው፣ በጳጉሜ ሞከረችው፣ ላከችው። ለዚያ የረዷት እሳቸው ናቸው፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ጎተራው ስለተከፈለ የተላከችው አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ናት።

ማሽኑ ታረመ። ወረቀት ግን አንዴ ታትሞ ሰው ኪስ ከገባ በኔትወርክ አይታረምም። ዓርብ ዕለትና ዛሬ ጠዋት ቀጠሮ ተሰጥቷቸው በጳጉሜ መመለስ የነበረባቸውን ሰዎች አወጣች። ሠላሳ አንድ ሆኑ። ሁለቱም ስልክ ይዘው ተከፋፈሏቸው። ቁስል የሚታጠብለት፣ የሽንት ምርመራ ውጤት የሚጠብቅ፣ ክር የሚወጣላት እናት። «ወረቀቱ ተሳስቷል፤ ይቅርታ፣ ነገ ይምጡ።» አንዳንዱ ይመርቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዷ ሴት ደግሞ እኔ ድሮም አላመንኩትም ብላ ሳቀችባት።

አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ የኖላዊት ጣት ቆመ። ጉታ ይላል። ዕድሜ አርባ ስድስት። አድራሻ፦ ላንቴ። የመጣበት ምክንያት፦ ውሻ ነክሶታል። የመጀመሪያ ክትባት፦ ነሐሴ 30። ሁለተኛ ክትባት፦ ከሦስት ቀን በኋላ።

ልክነሽ ጋ ደወለች። ስሙን ጠራችላት።

«ዛሬ ነው» አለች ልክነሽ። «ወይኔ እናቴ። በአፌ ሦስት ቀን ብዬዋለሁ። ወረቀቱን ግን ሳላየው ነው የሰጠሁት። ስልሳ ሰው ቆሞብኝ ነበር፣ ኖላ።»

«ውሻው አብዶ ነበር?»

«አረፋ ይደፍቅ ነበር አሉ። ሰዎች ገደሉት። ስሚኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ እንደ ወባ አይደለም። አንዴ ከተነሣ ሐኪምም መድኃኒትም አያቆመውም። የሚያድነው ክትባቱ በየቀጠሮው ሲደርስ ነው። ክትባቱ እኔ ጋ ፍሪጅ ውስጥ አለ። አምጪልኝ ብቻ፤ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የሚስቱ ነበር። በለጥሽ የምትባል ሴት አነሣች፤ ከጀርባዋ ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል። ጉታ ስልክ የለውም አለች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ነው፤ በጋሪው ሙዝ ወደ መኪናው ያመላልሳል። ጭነቱ ሲያልቅ ከመኪናው ጋር ለበዓል ገበያ አዲስ አበባ ይሄዳል።

«መቼ ይመለሳል?» አለች ኖላዊት።

«ወረቀቱ መስከረም ሦስት ይላል አይደል? መስከረም በሁለት ይመጣል። በሽታውን አልረሳም እኮ፤ ቀኑን ቆጥሮ ነው የሚሄደው።»

«መኪናው የሚነሣው ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ነው ያሉት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል። ኖላዊት ሞባይሏንና ጃኬቷን ይዛ ስትነሣ አቶ ተክለሃይማኖትም ኮታቸውን አነሡ።

«እርስዎ ይቀመጡ፤ ዝናብ ነው።»

«አልቀመጥም» አሉ። የቀሩትን ስሞች ለሌላ ሠራተኛ ሰጥተው ከእሷ በፊት ደረጃውን ወረዱ።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ቁልቁለት በዝናብ ቀን ባጃጅ አይወደውም። ኖላዊት መንገዱን ሁሉ ስልኳ ላይ ስለዚያ በሽታ ታነባለች፤ ባታነብ ይሻላት ነበር። በሽተኛው ውሃ ይፈራል ይላል። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንብባ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። አቶ ተክለሃይማኖት የባጃጁን ብረት ጨብጠው ተቀምጠዋል። ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሁለቴም ዘጉት።

ኩልፎ ሲደርሱ ዕለቱ ሩፋኤል መሆኑ ታየ። የሰማይ ደጅ የሚከፈትበት ዝናብ ነው ተብሎ ሕፃን አዋቂ ሳይል ደጅ ወጥቷል። ሴቶች ነጠላቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጥተዋል፤ ጎረምሶች ወንዙ ውስጥ ይጫወታሉ። ከመሻገሪያው ማዶ፣ ከሙዙ ማሳ ጠርዝ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ግማሽ አካሉን በሸራ ሸፍኖ ቆሟል። ኖላዊት ጭቃውን እየዘለለች ጫኞቹን ጠየቀች። ጉታ የቱ ነው? አንዱ በአገጩ አሳያት።

ሰውየው ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠመቅበት ራቅ ብሎ፣ ሰፋፊ የሙዝ ቅጠሎች ራሱ ላይ ደርቦ፣ ጋሪው ሥር ተኮራምቶ ተቀምጧል። ግራ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጓደኞቹ ከወንዙ ና እያሉ ይጠሩታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ለጨዋታ ውሃ ሲረጭበት ጉታ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

ኖላዊት የጋሪውን ጎማ ያዘች። ሐኪም ብትሆን ይህ በሽታ በሦስት ቀን እንደማይነሣ ታውቅ ነበር፤ ግን ሐኪም አይደለችም፤ ያነበበችው ደግሞ ልቧ ውስጥ ተቀምጧል። ገደልኩት አለች በሆዷ። ክረምቱን ሙሉ ስደክም ሰው ገደልኩ።

«አቶ ጉታ፣ ውሃው ምን አደረገዎት?»

ጉታ ቀና ብሎ አያት። አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የሚናገረው እያሰበ፣ ቀስ ብሎ ነው። «ውሃው ምንም አላደረገኝም። ሲስተር ፋሻው ውሃ አይንካው አለችኝ። ዘንድሮ ሩፋኤል አመለጠኝ።»

ኖላዊት እንባዋ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ወረደ። ጉታ ይህችን የማያውቃትን ልጅ በግርምት ያያታል። ትንፋሿን ሰብስባ ከየት እንደመጣች ነገረችው። ክትባቱ ዛሬ ነው፤ አሁኑኑ ከእኛ ጋር ይነሡ አለችው።

ጉታ ወዲያው አልተነሣም። ከውስጥ ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና፣ ዝናብ እንዳይነካው በቅጠሉ ጋርዶ፣ ዘርግቶ አሳያት።

«መስከረም ሦስት» አለ። «ማኅተም አለው።»

«ተሳስቷል።»

«የመንግሥት ወረቀት ነው።»

«ተሳስቷል እያልኩዎት ነው አቶ ጉታ! በሦስተኛው ቀን ነው መወጋት ያለብዎት። ዛሬ!»

«ሲስተርም ሦስት ቀን አለችኝ» አለ ጉታ በእርጋታ። «ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ቤት ሄጄ ከሚስቴ ጋር በጣት ቆጠርን፤ አልገጠመም። እሷ ተመለስና ጠይቅ አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ከወረቀት ጋር ማን ይሟገታል? አሁን ደግሞ አንቺ ወረቀቱን ተው ትይኛለሽ። አንቺን አላውቅም። መኪናው ሊሄድ ነው። እሱ ካለፈኝ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ከመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ሁለት ጋሪ ሙዝ ይቀራል፣ ቶሎ በል እያለ ይጮኻል። ጉታ ወረቀቱን መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለ። የፈረሱን ልጓም ሊይዝ ተነሣ።

ኖላዊት ፊቱ ቆመች። ይህን ቃል ላለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ዙሪያውን ስትዞር ነው የዋለችው። ለደወለችላቸው ሰዎች ሁሉ «ወረቀቱ ተሳስቷል» ነበር ያለችው፤ ወረቀት ራሱን ያሳሳተ ይመስል።

«ወረቀቱ አይደለም የተሳሳተው» አለችው። «እኔ ነኝ። ቀኑን የሚቆጥረውን ነገር የነካሁት እኔ ነኝ። ትክክለኛውን አጥፍቼ ስሕተቱን አስቀረሁ። በእኔ እጅ ነው ጳጉሜ የጠፋችብዎት። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም መብትዎ ነው፤ ግን ጣትዎ ከእኔ ወረቀት ይበልጥ ልክ ነበር።»

ጉታ ልጓሙን እንደያዘ ቆመ።

«ስሕተቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት ከኋላዋ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። «እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔው። ልጅቱ ባታውቅ ነው፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ጉታ ከሽማግሌው ወደ ልጅቱ፣ ከልጅቱ ወደ ሽማግሌው ዐይኑን አመላለሰ። ምናልባት እስከ ዛሬ ወረቀት የያዘ ሰው ተሳስቻለሁ ሲለው ሰምቶ አያውቅም። በጋሞኛ አንድ ነገር አጉተመተመ። ከዚያ ወደ ጋሪው ዞረ።

«ጭነቱስ? ሁለት ጋሪ ቀረ። የሰው ንብረት ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም።»

አቶ ተክለሃይማኖት ኮታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው ጋሪው ላይ አኖሩትና የፈረሱን ልጓም ከጉታ እጅ ተቀበሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጋሪ ነድተው አያውቁም፤ ወገባቸውም ከታመመ ሰንብቷል። «አሳየኝ፣ በየት በኩል ነው?» አሉ። ጫኞቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ጉታም አልሳቀም፤ የማሳውን መንገድ በእጁ አመለከታቸው፣ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገና እያነከሰ ወደ ባጃጁ ሄደ።

የላንቴ መንገድ ረዥም ባይሆንም ያን ቀን ረዘመ። አንድ ቦታ ላይ ከብት መንገዱን ዘጋው፤ አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ አልፎበት ባለባጃጁ ወርዶ ጥልቀቱን በእንጨት ለካ። ኖላዊት በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች። ጉታ አጠገቧ እግሩን ዘርግቶ ውጭ ውጭውን ያያል። የጭነት መኪናው አልፏቸው ሲሄድ ሸራው ሙሉ በሙሉ ታስሮ ነበር። ጉታ እስኪሰወር ድረስ በዐይኑ ሸኘው።

ልክነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የጉታን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። ኖላዊት ኮሪደሩ ላይ ቀረች። አግዳሚው ባዶ ነው። በሩ ሲከፈት ጉታ የሸሚዙን እጅጌ እያወረደ ወጣ፤ ከኋላው ልክነሽ አዲስ ወረቀት ይዛለች። የታረመው ማሽን ያተመው ነው።

«ቀጣዩ መስከረም ሁለት» አለችው። «ይኸው፣ አሁን አይቼዋለሁ። በደንብ አይቼዋለሁ።»

ጉታ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ኪሱ ግን አልከተተውም። ግድግዳውን ተደግፎ ግራ እጁን ዘረጋና ከነሐሴ ሠላሳ ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። መስከረም አንድ፣ ሁለት። ሰባት። ሁለቱም ሴቶች ጠበቁት። ከዚያ ወረቀቱን በፌስታሉ ጠቀለለና ኪሱ አስገባው። አሮጌውን፣ መስከረም ሦስት የሚለውን፣ ለኖላዊት ሰጣት።

«እኔን አገኘሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ» አለ። «ነገ ሌላው ሰው ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እሱም አይሟገትም።»

ጉታ ወጥቶ ሲሄድ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለአቶ ተክለሃይማኖት ደወለች። ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሡት፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ተወጋ» አለቻቸው።

«እሰይ። እሰይ ልጄ። ጭነቱም ደርሷል። ፈረሱ ግን የእኔን አማርኛ አልሰማ አለ፤ ጎትቼው ነው የሄድኩት።»

ኖላዊት ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። እሳቸው ግን አብረዋት አልሳቁም።

«ኖላዊት፣ ወረቀት ይዘሻል?»

«ለምን ጋሼ?»

«ጎተራው ውስጥ መንታ ስም ያላቸው ሌሎችም አሉ። ስድስት ናቸው። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውም አለበት። የትኛው ሕያው የትኛው ሬሳ እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። አሁን እነግርሻለሁ፤ ጻፊ።»

ቦርሳዋን ዳበሰች፤ እስክሪብቶ አገኘች። ወረቀት ግን ጉታ ከሰጣት ሌላ የላትም። መስከረም 3 የሚለውን ፊት ወደ ታች ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ዝግጁ ነኝ» አለች።

«አንድ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት።